«አልመጥንም» የሚለው ግምት ለምን ሳይፈተን ይኖራል?

አንድ የሥራ ማስታወቂያ ሰባት መስፈርት ዘርዝሯል እንበል። ያነበበው ሰው አምስቱን በደንብ ያሟላል፣ ስድስተኛውን በከፊል፣ ሰባተኛውን ግን ጨርሶ ሠርቶበት አያውቅም። ሲቪውን ይከፍታል፣ አንድ ቀን ያስተካክላል፣ ማስታወቂያውን እንደገና ያነባል፤ ዓይኑ ሰባተኛው ላይ ይቆማል። ከዚያ ፋይሉን ዘግቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ማንም አልከለከለውም፤ ቀጣሪው ስሙን እንኳ አልሰማም። ማመልከቻው ገና ሳይጻፍ ውድቅ ሆኗል፤ ውድቅ ያደረገውም ራሱ አመልካቹ ነው።

ይህን የመሰለ ውሳኔ ድምፅ ስለሌለው አይቆጠርም። የተባረረ ሰው መባረሩን ያውቃል፤ ያላመለከተ ሰው ግን ምን እንደቀረበት በምንም መንገድ አያውቅም። ነገሩ ሲነሳ በተለምዶ «በራስ አለመተማመን» ይባልና መድኃኒቱም «በራስህ ተማመን እንጂ!» ይሆናል። ምክሩ ብዙም የማይረዳው በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት ስለሚያዝ ነው። ራስን የሚገድብ እምነት ውስጡ ሲታይ ትንበያ ነው፦ «ይህን ባደርግ ያ ይከተላል» የሚል። የአየር ትንበያ ቢሳሳት በማግስቱ ይታወቃል። ይህኛው ትንበያ ግን ሰውየውን ከድርጊቱ ስለሚያስቀረው ስህተቱን የሚያጋልጥ ማግስት የለውም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ዓይነት «አልችልም»

የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 ባወጣው ጽሑፍ በአንድ ቃል ሲጠሩ የኖሩ ሁለት ነገሮችን ለያየ። አንደኛው «ይህን ድርጊት መፈጸም እችላለሁ ወይ?» የሚለው ግምት ነው። ሁለተኛው «ብፈጽመውስ የምፈልገውን ያስገኝልኛል ወይ?» የሚለው። ልዩነቱ የመጽሐፍ ብቻ ይመስላል፤ ሥራ ቦታ ላይ ግን የሚያስከትለው ሥራ ፍጹም የተለያየ ነው።

የደመወዝ ጭማሪ የማይጠይቁ ሁለት ሠራተኞችን እንውሰድ። የመጀመሪያዋ አለቃዋ ፊት ስትቀመጥ ቃላት ይጠፉባታል፤ ያዘጋጀችውን ግማሽ እንኳ ሳትናገር ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ሁለተኛው አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ግን «ብጠይቅም አይሰጡኝም» ብሎ ደምድሟል። ለእሷ የሚረዳት ልምምድ ነው፤ ጥያቄውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ፣ ጮክ ብሎ ደጋግሞ መናገር፣ ቁጥሩን ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ዝም ማለትን መልመድ። (ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህች ዝምታ ላይ ነው፤ መልስ ሳይሰማ ራሱ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል።) ለእሱ ግን ልምምድ ቢደረደርለት አይጠቅመውም። የጎደለው መረጃ ነው፦ የጭማሪ በጀት በየትኛው ወር ይጸድቃል? የሚወስነው የቅርብ ኃላፊው ነው ወይስ ከሱ በላይ ያለው? ባለፈው ዓመት የተጨመረለት ሰው ምን አቅርቦ ነበር? በጀቱ ከጸደቀ በሁለተኛው ሳምንት የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው እምቢታ ስለ ብቃቱ ምንም አይናገርም። እሱ ግን ስለ ብቃቱ የተነገረ አድርጎ ይወስደዋል።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁለቱም ይከፋል፤ ምክንያቱም ድርጊት አይጠራም፣ ሰውን ነው የሚጠራው። «እኔ የሽያጭ ሰው አይደለሁም»፣ «ቁጥር አይገባኝም»፣ «ለአመራር አልተፈጠርኩም»። እንዲህ ያለ አባባል ምንም ቢከሰት አይፈርስም። ቁጥር አይገባኝም የሚለው ሰው አንድ ቀን በጀት በትክክል ቢሠራ «ቀላሉ ደርሶኝ ነው» ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ድርጊት መመንዘር አለበት፦ «የመምሪያው የበጀት ሠንጠረዥ ቢሰጠኝ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሦስቱን ትልልቅ ወጪዎች ለይቼ ለምን እንደጨመሩ ማስረዳት አልችልም»። አሁን የሚፈተን ነገር ተገኘ። አንዳንዱ ሰው እዚህ ድረስ ሲጽፍ ብቻ ይስቃል፤ ያንኑ ሥራ ባለፈው ሳምንት ሠርቶታል።

ወደ ሥራ ማስታወቂያው እንመለስ። ጸሐፊዋ ታራ ሞር በ2014 ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው በተባለው የሥራ አመራር መጽሔት ባወጣችው ጽሑፍ ከ1,000 በላይ ወንዶችንና ሴቶችን «መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ ሳታሟሉ ሲቀር ለምን አላመለከታችሁም?» ብላ ጠይቃ ነበር። በጣም የበዛው መልስ (41 በመቶ ሴቶች፣ 46 በመቶ ወንዶች) «መስፈርቱን ስለማላሟላ አይቀጥሩኝም፤ ጊዜዬንና ጉልበቴን ማባከን አልፈለግሁም» የሚል ነበር። «ሥራውን በደንብ መሥራት የምችል አልመሰለኝም» ያሉት ግን ከሴቶቹ 10 በመቶ ገደማ፣ ከወንዶቹ 12 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኛው ሰው የተጠራጠረው ችሎታውን አልነበረም። የቅጥር አሠራሩን ነው ከእውነታው ይልቅ ጥብቅ አድርጎ የገመተው።

ማስታወቂያ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይገምትም። ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ማስታወቂያ ተቀድቶ፣ ሥራውን የለቀቀው ሰው ይሠራቸው የነበሩ ነገሮች ይጨመሩበታል፤ ከዚያ የክፍሉ ኃላፊ ቢገኝ ደስ የሚለውን ይጨምርበታል። በመጨረሻ የሚወጣው ዝርዝር የምኞት ዝርዝር ነው። በውስጡ በእርግጥ የማይታለፉ አሉ፦ የሙያ ፈቃድ፣ በሕግ የተደነገገ የትምህርት ደረጃ፣ ሥራው ያለ እሱ የማይሠራበት ቋንቋ። እነዚህ ከጎደሉ አለማመልከት ቁጠባ ነው። «ተመራጭ ነው»፣ «ቢኖረው ይመረጣል»፣ «ዕውቀት ያለው» የሚሉት ግን ሌላ ናቸው። የፕሮግራም ስምና የልምድ ዓመት ደግሞ መሃል ላይ ይወድቃሉ፤ አምስት ዓመት ለሚል ማስታወቂያ አራት ዓመት ያለው ሰው ቢያመለክት ማንም አይገረምም። ሰባተኛው መስፈርት የጎደለው አመልካች በማመልከቻ ደብዳቤው ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ይበቃዋል፦ የቱን ተቀራራቢ ነገር እንደሠራ፣ የጎደለውን በስንት ሳምንት እንደሚደርስበትና በምን መንገድ። ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም።

ጨዋ የሚመስለው እምነት

ሁሉም ገዳቢ እምነት «አልችልም» ብሎ አይመጣም። አንዳንዱ የምግባር ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ስለዚህም ማንም አይጠረጥረውም። ከነዚህ ሁሉ «ሥራዬ ይናገራል» የሚለውን የሚያህል ጎጂ አላየንም። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ተብሎ ያደገ ሰው ስለሠራው ሥራ መናገርን ከጉራ ጋር አንድ ያደርገዋል።

ሥራ በራሱ የማይናገርበት ምክንያት ሜካኒካዊ ነው። አሥር ሰው የሚመራ ኃላፊ ከእያንዳንዱ የሚደርሰው የመጨረሻው ውጤት ብቻ ነው፤ በመሃል የተፈታውን ችግር አያይም። በተለይ ከመከሰቱ በፊት የተከላከሉት ችግር ሙሉ በሙሉ የማይታይ ነው፤ ያልተበላሸ ነገር ሪፖርት አይደረግማ። በዚህ ላይ የዓመቱ ግምገማ የሚሞላው ከማስታወስ ነው፤ ማስታወስ ደግሞ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያደላል። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ድንቅ ሥራ የሠራ ዝምተኛ ሠራተኛ በግምገማው ሰሞን አንድ ስህተት ከፈጠረ የሚታወሰው በስህተቱ ነው።

መፍትሔው ራስን ማሞካሸት ሳይሆን መዘገብ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ 10 ደቂቃ፣ ከአምስት መስመር ያልበለጠ፦ ምን ተጠናቀቀ፣ በቁጥር ምን ተለወጠ፣ ምን ተሰናከለ፣ ከኃላፊው ምን ይፈለጋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን አለ። ልዩነቱን በአንድ የሂሳብ ክፍል ሠራተኛ ዓረፍተ ነገር ማየት ይቻላል። «የወሩን ሂሳብ ዘግቻለሁ» የሚለው የሥራ ግዴታን ከመወጣት በቀር ምንም አይናገርም። «የወሩ ሂሳብ በ9 ፋንታ በ6 የሥራ ቀን ተዘግቷል፤ ያሳጠረው የባንክ ማስታረቂያውን ወር እስኪያልቅ ሳንጠብቅ በየሳምንቱ መሥራታችን ነው» የሚለው ግን አንድም የጉራ ቃል ሳይኖርበት ማን ምን እንዳሰበና ምን እንዳተረፈ ይናገራል። ኃላፊውም ይህን ዓረፍተ ነገር ከሱ በላይ ላለው ሰው እንዳለ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ዝምተኛ ሠራተኞች የማያስቡት ዋናው ጥቅም ይኼ ነው። አለቃ ስለ ሠራተኛው ለመሟገት ቢፈልግም የሚሟገትበት ቁጥር ያስፈልገዋል።

ፍርሃቱ እንዴት ራሱን ይመግባል

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር በ1967 በውሾች ላይ ያደረጉት ሙከራ በብዙ ጽሑፍ ይጠቀሳል፦ ማምለጫ በሌለበት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች ኋላ ላይ ማምለጫው ሲከፈትላቸው ብዙዎቹ ለመሞከር እንኳ አልተነሱም። ከዚህ «ተስፋ መቁረጥን ተማሩ» የሚል መደምደሚያ ተወሰደ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ሁለቱ ሰዎች ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016፣ ራሳቸው ነገሩን መገልበጣቸው ነው። የአንጎል ጥናቱ ሲታይ፣ ለረጅም ጊዜ በሚዘልቅ መከራ ውስጥ ፈዝዞ መቀመጥ የሚማሩት ነገር ሳይሆን ከመጀመሪያውም ያለ ምላሽ ሆኖ ተገኘ። የሚማሩት «እኔ ባደርገው ለውጥ ይመጣል» የሚለውን ነው።

ይህ መገላበጥ ለሥራ ሰው ትልቅ ትርጉም አለው። አሮጌውን እምነት አራግፎ መጣል ዋናው ሥራ አይሆንም ማለት ነው። ዋናው ሥራ አዲስ ማስረጃ ማጠራቀም ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ተቀምጦ በማሰብ አይጠራቀምም።

መሸሽ ይህን ማጠራቀም በሁለት መንገድ ያግዳል። አንደኛው ግልጽ ነው፦ ያልተሞከረ ነገር ውጤት የለውም። ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ሰውየው ስብሰባውን ሲቀርበት፣ ማመልከቻውን ሲተወው፣ በዚያችው ደቂቃ እፎይታ ይሰማዋል። እፎይታው እውነተኛ ነው፤ ሰውነቱም «መሸሼ ጠቀመኝ» ብሎ ይመዘግበዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ለመሸሽ የሚያስፈልገው ፍርሃት ያንሳል።

ሳይሸሹ የሚሸሹም አሉ። ስብሰባው ላይ ይገኛል፣ ግን የሚናገረውን ቃል በቃል ጽፎ ያነባል። ለ20 ደቂቃ ገለጻ ሁለት ሌሊት ይዘጋጃል። ኢሜይል ከመላኩ በፊት ለሁለት ባልደረቦች ያሳያል። ገለጻው ሲያምርለት ምስጋናው ለማን ይሄዳል? ለሁለቱ ሌሊት። «እንደዚያ ባልዘጋጅ ኖሮ እዋረድ ነበር» የሚለው እምነት ከስኬቱ በኋላ ከበፊቱ ይልቅ ይጠነክራል። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ በ1978 ከ150 በላይ ስኬታማ ሴቶችን አይተው «የአስመሳይነት ስሜት» ያሉት ነገር ከዚህ አዙሪት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዲግሪና ሽልማት ቢከመርም ውስጣቸው «አታለልኳቸው» ማለቱን አይተውም። ስያሜው ኋላ ላይ በጣም ተለጥጧል። በ2020 የታተመ የ62 ጥናቶች ግምገማ የስሜቱ ስርጭት እንደ መለኪያውና እንደ ተጠኚው ከ9 በመቶ እስከ 82 በመቶ ይደርሳል ይላል። ከ9 እስከ 82 የሚዘል ነገር ሲኖር ሰው ራሱን «አስመሳይ ስሜት አለብኝ» ብሎ ከመመደብ ይልቅ የትኛውን ድርጊት በየትኛው መከላከያ ተሸፍኖ እንደሚሠራ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ማነቃቂያ ቃላት ለምን አይበቁም

መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ፣ ብቁ ነኝ» ማለትን የሚመክሩ ብዙ ናቸው። ጆአን ውድና ባልደረቦቿ በ2009 ይህንኑ ፈተኑት፦ ተሳታፊዎች ስለ ራሳቸው አንድ አዎንታዊ ዓረፍተ ነገር ደጋግመው እንዲሉ ተደረገ። ለራሳቸው ከፍ ያለ ግምት ያላቸው ትንሽ ደስ አላቸው፤ ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ግን ዓረፍተ ነገሩን ካላሉት መሰሎቻቸው ይልቅ ከፋቸው። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም፤ ሰው የማያምነውን ነገር ሲናገር ውስጡ ወዲያው ተቃራኒውን ማስረጃ ይደረድርለታል።

«ችሎታ ያድጋል ብሎ ማመን» የሚለውም ከተገቢው በላይ ተሸጧል። በ2019 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው፣ 12,000 ገደማ የአሜሪካ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ያካተተው ሙከራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ የኢንተርኔት ትምህርት የደካማ ተማሪዎችን አማካይ ውጤት (ከ4 ነጥብ ገደማ የሚሰላውን) በ0.1 ነጥብ ገደማ ከፍ ማድረጉን አሳይቷል። ለዋጋው መጥፎ አይደለም። ሕይወት የሚገለብጥ ነው ብሎ ማሠልጠኛ ለሚሸጥ ግን 0.1 ነጥብ ትንሽ ናት።

ትንበያውን መፈተን

የሚሠራው ዘዴ ከአሮን ቤክ የሥነ ልቦና ሕክምና ትምህርት የመጣ ነው፤ የሥራ ቦታ ሰው ያለ ሐኪም ሊጠቀምበት የሚችልበት ክፍል ቀላል ነው። አንድ ደብተር ወይም የኤክሴል ገጽ አምስት ዓምድ ይሠመርበታል፦ ቀን፣ ትንበያ፣ በመቶ ስንት አምንበታለሁ፣ በእርግጥ የሆነው፣ አሁን በመቶ ስንት።

ስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ ባለሙያ እንውሰድ። መጀመሪያ የምትጽፈው «ብናገር ጥሩ አይሆንም» ይሆናል። ይህ ትንበያ አይደለም፤ ምን ቢከሰት ሐሰት እንደሚሆን አይናገርም። ተገፍታ ስትጽፈው እንዲህ ይወጣል፦ «ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ብጠይቅ የቡድን መሪው ‹ይህማ ባለፈው ተነግሯል› ይለኛል፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ይተያያል፤ 80 በመቶ።» አሁን በዓይን የሚታይ፣ የሚቆጠር ነገር ተገኘ።

ቀጥሎ መጠኑ ይለካል። ፍርሃቱ ከ0 እስከ 100 ሲመዘን ከ30 እስከ 50 ባለው ቢጀመር ጥሩ ነው። ከ20 በታች ከሆነ ምንም አያስተምርም፤ ከ70 በላይ ከሆነ ሰውየው በዕለቱ ይቀራል፣ መቅረቱም ሌላ እፎይታ ይጨምርለታል። ለእሷ በዋና ሥራ አስኪያጁ ፊት ገለጻ ማቅረብ 90 ከሆነ፣ በስምንት ሰው ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ 45 ሊሆን ይችላል። እዚያ ይጀመራል።

ከዚያ ሰዓቱና ምልክቱ ይወሰናል። ፒተር ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን በ2006 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ተብሎ የታሰረ ዕቅድ ከጥሬ ፍላጎት በግልጽ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ስለዚህ «ዛሬ እናገራለሁ» አትልም። «የቡድን መሪው የመጀመሪያውን አጀንዳ ጨርሶ ‹ሌላ ነገር አለ?› ሲል፣ እጄን አነሳለሁ» ትላለች። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ቢሆን ይመረጣል፤ በቆየ ቁጥር ጥያቄው በአእምሮዋ እየገዘፈ ይሄድና መጨረሻ ላይ ለመጠየቅ የማይበቃ ይመስላታል።

ሰዎች የሚዘሉት ክፍል የመከላከያ ልማዱን መተው ነው። ጥያቄውን ከወረቀት ካነበበችው፣ «ምናልባት የሞኝ ጥያቄ ይሆናል፣ ግን…» ብላ ከጀመረችው፣ ወይም ቀድማ ለአንዱ ጓደኛዋ ነግራ ካስፈቀደችው ፈተናው ተበላሸ። መልካም ውጤት ቢመጣ እንኳ ለመከላከያው ይሰጣል። ልብ መምታቱን ግን ማስቆም አያስፈልግም፤ የሚቻልም አይደለም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 ባሳተመችው ጥናት ከንግግር በፊት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ ተናግረዋል፤ ሰውነት የተነሳሳበትን ኃይል ከማፈን ስሙን መለወጥ ይቀላል።

ስብሰባው እንዳለቀ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ የሆነው ይጻፋል። ስሜት ሳይሆን የሆነው። «አፈርኩ» በአራተኛው ዓምድ ቦታ የለውም። «መሪው በሁለት ዓረፍተ ነገር መለሰ። አንድ ሰው ማስታወሻ ያዘ። ማንም ሲተያይ አላየሁም። ድምፄ ተንቀጥቅጧል፤ ማንም አላነሳውም።» አሁን በመቶ ስንት? ምናልባት 65። ትንሽ ነው የወረደው፤ ጤነኛ አወራረድም ይኸው ነው። በአንድ ሙከራ ከ80 ወደ 0 የወረደ እምነት ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይመለሳል። አንድ መልካም ውጤት «አጋጣሚ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ አምስት ተከታታይ ውጤት በሰዓትና በቀን ተጽፎ ሲቀመጥ ግን አጋጣሚ ማለት ያስቸግራል።

የሚገርመው፣ ሌሎች ሰዎች ስለኛ ከምናስበው በጣም ያነሰ ያስተውላሉ። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች የሚያሳፍራቸውን ቲሸርት ለብሰው ሰው ወደ ሞላበት ክፍል እንዲገቡ አደረጉ። የለበሱት ግማሹ ሰው ገደማ እንዳየባቸው ገመቱ፤ ያየው ግን ሩብ ገደማ ብቻ ነበር። እርዳታ መጠየቅም እንደዚሁ ነው። ፍራንክ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ በ2008 እንዳሳዩት ሰዎች ሲጠየቁ እሺ የማለታቸውን ዕድል ጠያቂዎች እስከ ግማሽ ድረስ አሳንሰው ይገምታሉ። ከፍ ያለ ልምድ ያለውን ሰው «20 ደቂቃ ስጡኝ» ለማለት የሚፈራ ሰው ይህችን ቁጥር ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ጥያቄው ግን ጠባብ ይሁን። «ስለ ሙያዎ ቢያጫውቱኝ» ለሚል ኢሜይል መልስ መስጠት ከባድ ነው። «ከኦዲት ወደ ስጋት አስተዳደር ሲዛወሩ መጀመሪያ የተማሩት ምን ነበር?» ለሚለው ግን መልሱ በአንድ አንቀጽ ያልቃል።

ትንበያው እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ይሆናል፣ አንዳንዴ። መሪው «ይህማ ተነግሯል» ቢል ውጤቱ ሳይሸፋፈን ይጻፋል። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይነሳል፦ ከተፈራው ውስጥ ምን ያህሉ ሆነ (ሁለቱ ሰዎች ተያዩ ወይ?)፣ የጎደለውስ የሚማሩት ነገር ነው ወይ? ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ሳያነቡ መግባት የችሎታ ችግር አይባልም፤ የ15 ደቂቃ ሥራ ነው። ገለጻ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቴም ሰው ሳይገባው ከቀረ ግን እምነቱ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው ድፍረት ሳይሆን ገለጻ መማር ይሆናል። እዚህ ላይ ማነቃቂያ ጉዳት ነው።

አጥሩ እውነት ሲሆን

ራስን ስለ መገደብ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር አንድ ነውር አለው፦ ያልተሳካለትን ሁሉ «ስላላመንክ ነው» ይለዋል። ለረጅም ጊዜ ሴቶች ዝቅ ያለ ደመወዝ የሚከፈላቸው ስለማይጠይቁ ነው ተብሏል። በ2018 የታተመ፣ በአውስትራሊያ 4,600 ያህል ሠራተኞችን የያዘ ጥናት ሴቶቹ ከወንዶቹ እኩል እንደሚጠይቁ አገኘ፤ ጠይቀው ያገኙት ግን ወንዶቹ 20 በመቶ፣ ሴቶቹ 15 በመቶ ነበሩ። ለእነዚህ ሴቶች «ደፍረሽ ጠይቂ» ማለት ፌዝ ነው። የሚረዳቸው የደመወዝ እርከኑ ይፋ መሆኑ፣ ጥያቄውን በተጻፈ መመዘኛ ላይ ማሳረፍ፣ ካልሆነም ሌላ ቀጣሪ ነው።

ዕድሜም እንዲሁ ድብልቅ ነው። አንዳንድ ቀጣሪ ከ45 ዓመት በላይ ያለውን ሲቪ በቅንነት አያነብም፤ ይህ ከአመልካቹ ጭንቅላት ውጭ ያለ አጥር ነው። «በዚህ ዕድሜ አዲስ ነገር መጀመር አይሳካም» የሚለው ግን ሌላ ነው። ፒየር አዙሌና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ በጣም በፍጥነት ያደጉት ከ1,000 አንዱ የሆኑት አዳዲስ ኩባንያዎች ሲመሠረቱ የመሥራቾቹ አማካይ ዕድሜ 45 ነበር። ሁለቱን አጥሮች የሚያምታታ ሰው ሊያልፈው የሚችለውን ጭምር ይተወዋል።

የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሙከራዎቹ የት ላይ እንደሚሰበሩ መቁጠር ይረዳል። 15 ማመልከቻ ተልኮ አንድም የቃለ መጠይቅ ጥሪ ካልመጣ ችግሩ ሲቪው ላይ ወይም የሚያመለክትበት የሥራ ዓይነት ላይ ነው፤ ሰውየውን ገና ማንም አላየውማ። አምስት ቃለ መጠይቅ ተደርጎ ቅጥር ካልመጣ ንግግሩና ምሳሌዎቹ ይታዩ። መጨረሻው ዙር ድረስ እየተደረሰ የሚቀር ከሆነ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ከአመልካቹ እጅ ውጭ ነው፤ በዚያው መቀጠል ይሻላል። አሥራ አምስት የሚለው ቁጥር የተቀደሰ አይደለም፣ ግን ሁለት ማመልከቻ ልኮ «ገበያው አይፈልገኝም» ከማለት ያድናል።

አለቆች የሚተክሉት

ባንዱራ «እችላለሁ» የሚለው ግምት የሚመነጭባቸውን አራት ምንጮች ዘርዝሯል፦ ራስ ሠርቶ ማየት፣ እኩያ ሲሠራ ማየት፣ የሰው ቃል፣ የሰውነት ሁኔታ። ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ኃላፊዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት በሦስተኛው ነው፤ «በርታ፣ ትችላለህ» ይላሉ፣ በማግስቱ ሪፖርቱን ተቀብለው ራሳቸው እንደገና ይጽፉታል። ሠራተኛው የሚማረው ከቃሉ ሳይሆን ከእንደገናው ነው። ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ረቂቁን በግማሽ ትኩረት መጻፍ ይጀምራል፣ ለምን ይደክማል? ኃላፊውም «አላልኳችሁም፣ ካልነካሁት አይሆንም» ይላል፤ ሁለቱም ትንበያቸው ተረጋግጦላቸዋል።

ይህን ለመስበር የሚበቃው ትንሽ ነው። ረቂቁ ሲመጣ ኃላፊው ብዕሩን አስቀምጦ ቢበዛ ሦስት አስተያየት ይጻፍበትና ይመልሰው፤ ሁለተኛውን ረቂቅ ደግሞ ስህተቱ ጉዳት የማያደርስ እስከሆነ ድረስ ሳይነካ፣ በሠራተኛው ስም፣ ወደ ላይ ይላከው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሪፖርቶች እሱ ከሚጽፈው ያንሳሉ። አራተኛው ላይ የአስተያየቶቹ ቁጥር ከሦስት ወደ አንድ መውረዱን ደብተሩ ላይ ማየት ይቻላል፣ ከተጻፈ።